አንድ ፓስወርድ ለሁላችን

የመነጽሬ እግር የተሰበረው እኔው ራሴ ስለተቀመጥኩበት ነው፤ ማንንም አልከስም። ዕድሜዬን ሙሉ በማተሚያ ቤት የሌላ ሰው ስህተት ስለቅም የኖርኩ አራሚ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚለቀም ሲጠፋ የራሴን ስህተት መሥራት ጀምሬያለሁ። እናም በዚያን ቀን ረፋዱ ላይ ያለ መነጽር እየተደናበርኩ ስሄድ፣ መነጽር ቤቱ በር ላይ ከአንዲት ወጣት ጋር ተላተምኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ሳልከፍት፣ “እትዬ፣ እኔ ነኝ እኮ” አለችኝ።

ቀረብ ብዬ አየኋት። የመነጽር ቤቱ ባለቤት የእህት ልጅ ናት። ተማሪ እያለች ከመደርደሪያው ሥር ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አውቃታለሁ። አሁን ኮምፒውተር ተምራ የትንንሽ ድርጅቶችን ኔትወርክ እየዞረች ትጠብቃለች። ጀርባዋ ላይ ትልቅ ቦርሳ አዝላለች፤ ፊቷ ግን ልክ አልነበረም። ምነው ብላት፣ አጎቷ ደውለው ድረሺልኝ እንዳሏት ነገረችኝ። ተያይዘን ገባን።

እዚህ ላይ ስለ ቤቱ ጥቂት ካልተናገርኩ ነገሩ አይገባችሁም። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ግቡ ይላቸዋል። በሩ ላይ ሰው ቆሞ ካዩ “ግቡ፣ ግቡ” ሳይሉ አያልፉም። መነጽር የሚገዛም ይሁን ከዝናብ የሚጠለል ለእሳቸው አንድ ነው። ወንበር ይሰጣሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፣ በመጨረሻም ኢንተርኔት ይጋብዛሉ። ግብዣውም የዋዛ አይደለም። የዓይን መመርመሪያው ሰሌዳ ግርጌ የዋይፋዩን ፓስወርድ በትልልቁ ጽፈው ለጥፈዋል። አዲስ መነጽር ያደረገ ደንበኛ ሁሉ “እስቲ ያንን ያንብቡልኝ” ይባላል። ደንበኛው ጮክ ብሎ ያነባል፤ እሳቸውም “በሉ ተጠቀሙበት፣ የራስዎ ቤት ነው” ይላሉ። መነጽሩ ልክ መሆኑ በዚያው ተረጋገጠ ማለት ነው። በዚህ ዓይነት የሰፈሩ ሰው ግማሹ ያንን ፓስወርድ ከልጁ ስም እኩል ያውቀዋል።

ጉዱ ምን መሰላችሁ? ያ ፓስወርድ የዋይፋዩ ብቻ አልነበረም። የእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር፣ የምርመራ ክፍሉ፣ ከጓዳ ያለው የሌንስ መቁረጫ ማሽን፣ ኢሜይሉ ሳይቀር የሚከፈተው በዚሁ ነው። ሠራተኛው ሁሉ የሚገባውም በአንድ ስም ነው፤ “መነጽር” በሚል። በዚያ ቤት ለየብቻ መቆለፍ መጠራጠር ነው፣ መጠራጠር ደግሞ ነውር ነው። እኔ አራሚዋ፣ የነጠላ ሰረዝ መሳት እንቅልፍ የሚነሳኝ ሰው፣ ይህንን ስንት ዓመት አይቼ ምንም አልታየኝም ነበር።

ገብተን ስናይ ጋሽ ግቡ “ግቡ” አላሉንም። መሐል ወለሉ ላይ ቆመው ኮምፒውተሩን እንደ ጠላት ያዩታል። እንግዳ ተቀባይዋ ከጠረጴዛዋ ኋላ አንገቷን ደፍታለች። በኮምፒውተሩ ላይ በቀይ የተጻፈ መልእክት አለ፦ ፋይሎቻችሁን ቆልፈናል፣ እንድንከፍትላችሁ ከፈለጋችሁ ክፈሉ ይላል ብላ ልጅቷ አነበበችልኝ። የደንበኞች የዓይን ልኬት፣ የታዘዙ ሌንሶች፣ ቀጠሮው ሁሉ እዚያው ውስጥ ቀልጧል። ከጓዳ ግን ያለ መነጽርም ሌላ ነገር ታየኝ። የመቁረጫው ማሽን ላይ ነጭ ገዋን ተጥሏል፤ ሌንስ ቆራጩ የሉም።

ቆራጩና ጋሽ ግቡ በሰው ሱቅ ተቀጥረው ሲሠሩ ነው የተዋወቁት። ይህንን ቤት አብረው ከፍተውታል፤ አንዱ ከፊት ከሰው ጋር፣ ሌላው ከኋላ ከመስታወት ጋር ሲሠሩ አብረው ሸብተዋል። እንግዳ ተቀባይዋ በሹክሹክታ እንደነገረችኝ፣ ጠዋት ያ ቀይ ጽሑፍ ብቅ ሲል ጋሽ ግቡ ደንበኞች በተቀመጡበት ወደ ጓዳው ዞረው፣ “ትናንት ኮምፒውተሩ ላይ ተጎልተህ ያየሁህ አንተን ነው፤ የማታውቀውን ምን አስነካካህ? ቤቴን አፈረስከው” አሏቸው። ቆራጩ አንድ ቃል አልመለሱም። ገዋናቸውን አውልቀው፣ ማሽኑ ላይ ጥለው፣ በሰዎቹ መሐል አልፈው ሄዱ። 

ልጅቷ ቀልጣፋ ናት። ለሰላምታም ሳትቆም ገመዶቹን ነቃቀለች፣ ዋይፋዩን አጠፋች፤ በሽታው ወዳልነካው እንዳይዛመት መጀመሪያ ማለያየት ነው አለች። አጎቷ ከፍለው ቢገላገሉ እንደሚሻላቸው ሲናገሩ፣ “ለሌባ ከፍለው ቁልፉን ለመስጠቱ ማን ዋስ ይሆንዎታል?” ብላ አፋቸውን አስያዘቻቸው። ከቦርሳዋ ሃርድ ዲስክ አወጣች። ባለፈው ስትመጣ የሱቁን ፋይል በሙሉ ገልብጣ ወስዳ ኖሯል። ያኔ “ቤቱ ሊቃጠል ነው እንዴ?” ብለው ስቀውባት ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ደንበኞች እንደገና ይለካሉ፤ የቀረው ግን ተርፏል ስትላቸው ጋሽ ግቡ ተንፍሰው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

እኔ ነገሩ እዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ልባቸው ሌላ ቦታ ነው።

“በይ አሁን አሳይኝ” አሉ። “ኮምፒውተር ሁሉን ነገር ይመዘግባል አይደል የምትሉት? እሱ መሆኑን አሳይኝ።”

“ጋሼ፣ እሱን እንደርስበታለን። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ማታ ሱቁን ለምን ይቆልፉታል?”

“ማታ እኔ የለሁማ። ቀን ግን አለሁ። የሚገባውንም የሚወጣውንም አያለሁ።”

“በኔትወርኩ የሚገባውንስ ያያሉ?”

ጋሽ ግቡ ዞረው የጠፋውን ዋይፋይ አዩት።

“በበሩ የሚገባ ሰው ፊት አለው፤ አይተው ግቡ ይሉታል” አለች። “በዚያኛው በኩል የሚገባው ፊት የለውም። እዚያ በር ላይ እርስዎ ቀንም ማታም ቆመው አያውቁም። ክፍት ትተውት ነው የሄዱት።”

ጋሽ ግቡ እንደማይረቱ ያወቅኩት አገጫቸውን ሲያነሱ ነው። አባታቸው በር ዘግተው እንደማያውቁ፣ እሳቸውም ሰው ፊት በር ዘግተው እንደማያውቁ፣ ሰው ውሃ ጥም ሲለው ውሃ እንደሚሰጡት ሁሉ ስልኩ ሲቸግረውም ኢንተርኔት እንደሚሰጡት አስረዱ። “ይህንን ልከልክል? ሰው ሁሉ ሌባ ነው ብዬ ልነሳ? እንዲህ ያለ ትምህርት ከሆነ የተማርሽው ይቅርብኝ” አሉ። አነጋገራቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ቅር መሰኘት እንጂ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ወደ እሳቸው አደላሁ። ዘመናችን በሩን ሁሉ እየዘጋ ነው። አንድ የማይዘጋ ሰው ሲገኝ ያንንም ዝጋ ማለት ቀፈፈኝ። ልጅቷ ግን ለዚህም መልስ ነበራት።

“አይከልክሉ” አለች። “ማን ይከልከሉ አለ? እንግዳ ቤትዎ ሲመጣ የት ነው የሚያስቀምጡት?”

“ሳሎን ነዋ።”

“መኝታ ቤት ገብቶ ቁም ሣጥን ከፍቶ አያውቅም። በዚህ ንፉግ ያለዎት አለ?”

“የለም።”

“ለደንበኛ ሳሎን እሠራለታለሁ። የራሱ ዋይፋይ፣ የራሱ ፓስወርድ፤ እንደፈለጉ ይጋብዙ። ከሱቁ ኮምፒውተሮች ጋር ግን አይገናኝም። ሰዎቹ ክፉ ናቸው አላልኩም ጋሼ። ስልካቸው ቫይረስ ይዞ ቢመጣ እነሱ ራሳቸው አያውቁትም። ጉንፋን የያዘው ሰው ሊያስይዝዎት ብሎ አይደለም የሚያስነጥሰው።”

ይህቺ ገባቻቸው። አገጫቸው ዝቅ አለ። እንግዲህ ለእንግዳው ይሁን፣ ይሠራ አሉ። የገዛ ሰዎቻቸውን ግን ለየብቻ ቁልፍ መስጠት በፍጹም አይዋጥላቸውም። አብረዋቸው ያረጁ ሰዎች ናቸው፤ “አንተ በዚህ ግባ፣ አንቺ በዚያ ግቢ፣ ማን ምን እንደነካ አያለሁ” ማለት በሰው ፊት ማዋረድ ነው።

እዚህ ላይ እኔ ጣልቃ ገባሁ። ለሰው ጉዳይ መግባት ልማዴ ነው። በማተሚያ ቤታችን እያንዳንዱ አራሚ ባየው ገጽ ግርጌ ይፈርም እንደነበር ነገርኳቸው። አንድ ጊዜ የአንድ ትልቅ ሰው ማዕረግ ተሳስቶ ታትሞ ወጣና አለቃችን ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመው። የሚባረር ሰው ተፈለገ፤ ጣት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ያረምኩት ገጽ ከመዝገብ ወጥቶ ሲታይ ግን ፊርማዬ ካለበት ላይ ማዕረጉ ልክ ነው። የተበላሸው ከእኔ እጅ ከወጣ በኋላ ነበር። “ያቺ ፊርማ ሊይዙኝ የተደረገች ይመስለኝ ነበር” አልኳቸው፤ “ነጻ ያወጣችኝ ግን እሷ ናት።”

ጋሽ ግቡ ወደ እህታቸው ልጅ ዞሩ። “እሺ። አሁን ንገሪኝ። በሞቴ። እሱ ነው ወይስ አይደለም?”

“አላውቅም ጋሼ።”

“ፈልጊና እወቂ።”

“ፈልጌም አላውቅም። ኮምፒውተሩን ስጠይቀው ‘መነጽር ነው’ ይለኛል። መነጽር ማነው? እሳቸው ናቸው። እሷ ናት። እኔም ስመጣ መነጽር ነኝ። ሰሌዳውን አንብቦ የሄደ ሰው ሁሉ መነጽር ነው። እርስዎም ነዎት።”

“እኔም?”

“እርስዎም። እሳቸውን ጥፋተኛ ማድረግም ነጻ ማውጣትም አልችልም። ሁላችሁንም አንድ ስም ሰጥተዋችኋል።”

 ያን ጊዜ እንግዳ ተቀባይዋ ከተቀመጠችበት ተነሳች።  ትናንት “የሌንስ ማስረከቢያ ደረሰኝ” የሚል ኢሜይል ከማይታወቅ ሰው መጥቶ እንደነበር፣ መጀመሪያ የከፈተችው እሷ እንደሆነች ተናገረች። ከውስጡ ያለው ደረሰኝ አልከፈት ሲላት ጋሽ ግቡን ጠራች፤ እሳቸውም መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ደጋግመው ነካኩት። እምቢ ሲላቸው “ሌንስ ከሆነ የእሱ ነው” ብለው ቆራጩን ከጓዳ የጠሩት ራሳቸው ናቸው።

“ጠዋት መናገር ነበረብኝ” አለች። “ፈራሁ። ቆራጩ ዝም ሲሉ እኔም ዝም አልኩ።”

ጋሽ ግቡ ፊታቸው ጠቆረ። የተቆጡባት መስሎኝ ነበር፤ የተቆጡት ግን በራሳቸው ነው። ረስተውት ኖሯል። ሦስት ሰው የነካካውን ነገር በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ጭነው፣ ያውም በማይመልሱት ሰው ጫንቃ ላይ ጭነው አሰናብተዋል። ልጅቷ ቶሎ ብላ፣ የገባው በዚያ ኢሜይል ይሁን በሌላ በኩል እርግጠኛ አለመሆኗን ተናገረች። እሳቸው ግን አልሰሟትም። ተነስተው የመመርመሪያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ላጡት።

“እትዬ፣ አብረውኝ ይምጡ” አሉኝ። “ብቻዬን ካየኝ በሩን አይከፍትልኝም።”

የቆራጩ ቤት ከሱቁ ጀርባ ባለው መንገድ ነው።  በሩን የከፈቱልን የቆራጩ ሚስት ናቸው፤ ለእኔ ሰላምታ ሰጡኝ፣ ጋሽ ግቡን ግን በዓይናቸው ገረፏቸው። ባለቤታቸው ግቢው ውስጥ የመስኮት ማጠፊያ ዘይት እየቀቡ ነበር። እጃቸው ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ናቸው። ቀና ብለው አዩንና ወደ ማጠፊያው ተመለሱ።

ጋሽ ግቡ በቀጥታ ይቅርታ መጠየቅ አቃታቸው። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው፤ ከባዱን ነገር በቀላሉ ነገር ዙሪያ እየዞረ ነው የሚቀርበው። ስለዚህ ከሱቁ ስንወጣ ልጅቷ እሠራለሁ ብላ የዘረዘረችላቸውን ማውራት ጀመሩ፤ ቅድም ሲከራከሩበት የነበረውን ሁሉ አሁን የራሳቸው ሐሳብ አስመስለው።

“የራስህ ስም፣ የራስህ ፓስወርድ ይኖርሃል” አሉ። “እኔ እንኳ አላውቀውም። ስትገባ ስልክህ ላይ ቁጥር ይመጣልሃል፤ ፓስወርድህን የሰረቀ ሰው ቢኖር ያንን ቁጥር ካላገኘ አይገባም። አንተ የሠራኸው ያንተ፣ እኔ ያበላሸሁት የእኔ ሆኖ ይለያል። ደንበኛው ለብቻው ዋይፋይ ይሰጠዋል። ያንተ ማሽን ደግሞ ከኢንተርኔት ይወጣል፤ ሌንስ ለመቁረጥ ኢንተርኔት ምን ያደርግለታል?”

“ምንም” አሉ ቆራጩ። የመጀመሪያ ቃላቸው ነበር።

“ያ ‘አድሱኝ’ እያለ ሲጨቀጭቀን ‘በኋላ’ እያልን የምናልፈው ነገር የለም? ያ ለካ የተበሳውን የሚደፍን ነው። ከዛሬ ጀምሮ በኋላ የለም። ፋይሉ በየጊዜው ይገለበጥና ግልባጩ ተነቅሎ ከሱቁ ውጭ ይቀመጣል፤ እንዲህ ያለ ነገር ቢደገም ቤታችን አይዘጋም፣ የማንም የዓይን ልኬት አይጠፋም። ደግሞ የማናውቀው ደረሰኝ ሲመጣ አንከፍትም። ላከ የተባለውን ሰው፣ እኛ በምናውቀው ቁጥር ደውለን እንጠይቃለን።”

ቆራጩ ዘይቱን አስቀመጡ። “ጥሩ ነው” አሉ። “ማን መሆኑ ታወቀ?”

“አልታወቀም።”

“ይታወቃል?”

“አይታወቅም። እኔም ከፍቼዋለሁ። እሷም ከፍታዋለች። አንተን የጠራሁህም እኔው ነኝ።”

“ታዲያ ምን ልትለኝ መጣህ?”

ጋሽ ግቡ ወደ እኔ ዞር አሉ። እኔ ግን የሰማይን ደመና አየሁ፤ ይህንን ማንም ሊያርምላቸው አይችልም።

“አንተ አይደለህም ልልህ” አሉ። “ማሽኑ አይነግረኝም። ማስረጃም የለኝም። አንተን እንዲህ ማለት አልነበረብኝም። አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ።”

ሚስትየው ነበሩ የመለሱት። “ይህንን እዚህ ግቢ ውስጥ ለእኛ ነው የምትነግረን? ጠዋት የተናገርከው ሰው በሞላበት አይደል?”

“ሰው በሞላበት እደግመዋለሁ” አሉ ጋሽ ግቡ። ቆራጩ የዘይቱን ዕቃ ከደኑ። ከዚያ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና ጫማቸውን እንዲያቀብሏቸው ሚስታቸውን ጠየቁ።

ስንመለስ ሱቁ ሞልቶ ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ ልኬታቸው የጠፋባቸውን ደንበኞች ከደረሰኝ ጥራዙ ላይ ስልካቸውን እያየች ጠርታቸው፣ አንዳንዱ ወንበር አጥቶ ቆሟል። ጋሽ ግቡ ከበሩ ሳይርቁ ቆሙ። ጠዋት በዚህ ቤት ስለ አንድ ሰው ክፉ ቃል እንደተናገሩ፣ ቃሉ ሐሰት እንደነበር፣ ጥፋቱ ቤቱን ያለ መዝጊያ የተዉት የእሳቸው እንደሆነ ተናገሩ።  አንዲት አሮጊት ደንበኛ “ይበል” አሉ። ቆራጩ ወደ ጓዳ አልፈው ገዋናቸውን ለበሱ።

ልጅቷ እስከዚያ ድረስ የመቁረጫውን ኮምፒውተር ከሥሩ አጽድታ እንደ አዲስ ጭናው ነበር። ቆራጩን አስቀምጣ፣ ረዘም ያለ፣ ለሌላ ነገር ያልተጠቀሙበት፣ እሳቸው የማይረሱት ሌላው ግን የማይገምተው ፓስወርድ እንዲያስቡ ነገረቻቸው። ለማንም እንዳይነግሩ፣ ለእሷም ቢሆን። እኔና ጋሽ ግቡ በጓዳው በር ላይ ቆመን እናያለን።

ቆራጩ ጣታቸውን ፊደሉ ላይ አሳረፉና ቆሙ። ዘወር ብለው ወዳጃቸውን አዩ። ያፈሩ መሰለኝ። ሰው እያየ መደበቅ በዚያ ቤት ነውር ሆኖ የኖረ ነገር ነውና።

ጋሽ ግቡ ገባቸው። ቀስ ብለው ጀርባቸውን ሰጡና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። እኔንም ክንዴን ይዘው አዞሩኝ። የፊደሉ ድምፅ ቀጭ ቀጭ እያለ ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ ቆራጩ በአንድ ጣት ነው የሚጽፉት። ጋሽ ግቡ ግን አልቸኮሉም። “ጨርሻለሁ” እስኪባሉ ድረስ ዞር አላሉም።